ለአናት የሚሆን መድኃኒት በየት በኩል ይገባል?

እናቴ በመርፌ ታምን ነበር። ክኒን ለእሷ ከረሜላ ነው፤ ሽሮፕ የልጅ ማባበያ ነው፤ ቅባትማ ሐኪሙ መድኃኒት ሲያልቅበት ሰው እንዳይቆጣው የሚሰጠው ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ ሳትወጋ ከተመለሰች ሰልፉም፣ ካርዱም፣ የመንገዱ አቧራም በከንቱ የቀረ ይመስላትና «ዛሬስ ሳያክሙኝ ሰደዱኝ» ትላለች። ነርስ ሆኜ እዚያው ወልቂጤ ስመደብ ከደመወዙም ከነጩ ጋዋንም ይልቅ ያስደሰታት ቤት ውስጥ የሚወጋት ሰው ማግኘቷ ነበር። እኔ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም አልወጋም አልኳት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

መተዳደሪያዋ ቅቤ ነበር። ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ከቅቤ ሻጮቹ ተራ መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። በኮባ የተጠቀለለውን ስትፈታ መጀመሪያ ታሸተዋለች፣ ቀጥላ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ከጉንችሬ ይምጣ ከሌላ፣ ላሟ ምን እንደበላች ሳይቀር ትናገራለች። ሙዝ ወይም ድንች የተደባለቀበት ከሆነ ያመጣችው ሴት ወዮላት፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ገበያ የምትረግጠው ተሸፋፍና ነው። የሰፈሩ ሰው በጉራጌኛ «አዶት»፣ ማለት እናት፣ እያለ ይጠራት ነበር። ዕድሜዋን አክብሮ ብቻ አይመስለኝም፤ ምላሷንም ፈርቶ ነው።

መርፌ በማይገኝበት ቀን ታዲያ ሁለተኛው መድኃኒቷ ይኸው ቅቤ ነው። ራስ ምታት ይሁን እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መብዛት ይሁን ፈተና መውደቅ፣ መነሻው የአንጎል መድረቅ ነውና አናት ላይ ለጋ ቅቤ ጣል ይደረጋል። ሰርጎ ገብቶ ያርሰዋል።

«እማ፣ ከጸጉርሽ ስር እኮ አጥንት አለ» እላታለሁ። «ቅቤ አጥንት አይበሳም።»

«አንቺ አጥንት ተማርሽ እንጂ ቅቤ አልተማርሽም።»

እንዲህ ስንነታረክ ነው የልጄ ሕመም የመጣው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷ መርካቶ ሱቅ ስለነበረው የምናየው ለአረፋ፣ የምንሰማው በስልክ ነው። አራት ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ረፋድ ላይ ደጅ ስትጫወት ወደቀች። ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ እጅ እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚጥል በሽታ መሆኑ ታወቀና በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ተጀመረላት። በክኒኑ ብዙውን ጊዜ ደህና ነበረች። ትኩሳት ሲነሳባት ግን ክኒኑን አልፎ ይመጣል። አንዳንዴ ቶሎ ይለቃታል፣ አንዳንዴ አይለቃትም፤ ያልለቃት ቀን ነው የሚያስፈራው። ረጅም ከቆየ አንጎሏን ሊጎዳው፣ ሊገድላትም ይችላል። ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ማወቄን ጠላሁት።

ስትወድቅ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ጎረቤታችን ናት። ገበያው ዳር፣ እናቴ ከምትቀመጥበት አጠገብ፣ የልብስ ስፌት ቤት ያላት ጴንጤ ነች። ከኪሷ ክብሪት አይጠፋም። በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሸተት የቆየ ልማድ ነው፤ ጎረቤቴ ከሌላው የምትለየው በፍጥነቷ ነው። ልጄ መንቀጥቀጧን ሳትጨርስ ሦስት አራት እንጨት ትጭርላታለች። ልጄ በራሷ ጊዜ ስትነቃ ደግሞ ምስጋናውን ግማሹን ለጌታ፣ ግማሹን ለክብሪቱ ታደርጋለች። ጭሱ ያስላታል እንጂ አይረዳትም ብዬ ስንቴ ተናገርኩ። «አላዳናትም? ይኸው ተነስታለች!» ትለኛለች።

እናቴ ግን አትቀርብም ነበር። ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች፣ ዱዓ ታደርጋለች፣ ውሃ አምጡ ጨርቅ አምጡ ትላለች፤ እጇ ግን ልጅቷ ላይ አያርፍም። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። የወደቀ ሰው በወደቀበት ሰዓት ከአፉ ከሚወጣው አረፋ፣ ይልቁንም ከታች ከሚያመልጠው አየር፣ በሽታው ወደ ሌላው ይጋባል ይባላል። ሰው የሚሸሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ይህን እየሰማ ስላደገ ነው። ለስንቱ አስረድቻለሁ። ቢሆንም የገዛ እናቴ ከልጄ ሁለት ክንድ ርቃ ስትቆም ማየት ይከፋል፤ ነርስነት ለዚህ አይረዳም። ለሰውም ደብቃዋለች። ሲጠይቋት «ቶሎ ትደነግጣለች» ትላለች እንጂ ትወድቃለች ብላ አታውቅም።

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ደብቄ ላስመዘግባት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «አልዋሽሽም» አለኝ። «ልጅቷ ክፍል ውስጥ ብትወድቅ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪዎቼም በመስኮት ይዘላሉ። ቅርብ የሆነ፣ ፈጥኖ የሚደርስላት፣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ካለሽ መስከረም ላይ ይዘሻት ነዪ። ከሌለሽ ኃላፊነቱን አልችለውም።»

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳሰላስለው ግን ሰውየው ያለው ልክ ነው። ታዲያ ቅርብ የሆነ ሰው ማን ነው? እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። አባቷ መርካቶ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ እናቴ ቅቤ ግን ቢጣሩ ይሰማል። የልጄ መማርና አለመማር፣ ልትነካት በማትደፍር ሴት እጅ ላይ ወደቀ።

በዚያው ክረምት ለሁለት ወር ሥልጠና ቡታጅራ ተላክሁ። የአእምሮና የነርቭ ሕመምን በጤና ጣቢያ እንዴት ማከም እንደሚቻል ነበር የምንማረው። ልጄን ለእናቴ ትቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉብሬ በኩል ባለው መንገድ እየተመላለስሁ ጀመርኩት። አስተማሪያችን ቀጭን፣ እጅጌው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ጥቅል ጎመን የሚመስል አንጎል ሣለና «ይኼ ቤት በረኛ አለው» አለ።

በደም ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ ዘው ብሎ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ ደም ስሮቹ ራሳቸው ይከለክላሉ። «የቡታጅራን መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ታውቁታላችሁ አይደል? ሰው ሁሉ ግቢው ድረስ ይመጣል። ማን ሚኒባሱ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ስንት ጥሩ ጥሩ መድኃኒት በር ላይ ቀርቶ ይመለሳል መሰላችሁ!»

«ታዲያ ማንን ነው የሚያሳልፈው?» አልኩት።

«ከሌላው ይልቅ ቅባት የሚወደውን። ስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ መድኃኒት ሹልክ ብሎ ያልፋል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተማሪው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀ። «እባክዎ ይህን እናቴ ፊት እንዳይናገሩብኝ» አልኩት። የእናቴን የቅቤ ሕክምና ስነግራቸው እሱም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን እናትሽ መንገዱን ተሳሳቱ እንጂ በረኛውን አውቀውታል አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በተመስጦ ነው የሰማሁት። መድኃኒትን ወደ አንጎልና ወደ ኅብለ ሰረሰር ለማድረስ የግድ የራስ ቅል መብሳት ወይም ጀርባ መውጋት እንደማያስፈልግ፣ ሰው ሳይቆስል የሚደረስባቸው መንገዶች እየተፈለጉ እንደሆነ ነገረን። ከአፍንጫ፣ ሽታ በምንለይበት ነርቭ በኩል፣ ወደ አንጎል አጭር መንገድ እንዳለ። መድኃኒቱን ዓይን በማያየው የቅባት ጠብታ ጠቅልሎ የሚልክ እንዳለ። በድምፅ ሞገድ በረኛውን ለጥቂት ጊዜ ገለል ለማድረግ የሚሞክርም እንዳለ። እኛ አፋችንን ከፍተን ስንሰማ ኪሱ ገባና አንዲት ብልቃጥና አንድ ሲሪንጅ አወጣ። «ይኼ ሁሉ እስኪደርሰን እኛ ያለን ይኼ ነው።» የሲሪንጁን መርፌ ነቅሎ ጣለው። «የሚንቀጠቀጥ ልጅ ደም ስር አታገኙም። አፉ ተቆልፏል፣ ክኒን አይገባም። በፊንጢጣ ትሰጡታላችሁ።»

ከኋላ፣ ቆሼ ከምትባለው ከተማ የመጣ ሠልጣኝ «መምህር፣ ለአናት ሕመም ከሆነ መንገዱን አላበዛነውም?» አለና ሳቁ ፈነዳ። መምህሩ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳን። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ስስ ነው፣ ደም ስሩ ብዙ ነው፤ መድኃኒቱም ቅባት ወዳድ ስለሆነ ደም ውስጥ ከገባ በደቂቃዎች ውስጥ በረኛውን ያልፋል። «ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እናት ትችላለች። አያት ትችላለች።» አያት ሲል ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ከሐኪም አጽፌ ብልቃጦቹንና ሲሪንጆቹን ገዛሁና በሚቀጥለው ቅዳሜ ወልቂጤ ገባሁ። ትምህርቱን በልጄ የጨርቅ አሻንጉሊት ላይ ጀመርን። ተማሪዎቼ ሁለት ነበሩ፣ እናቴና ጎረቤታችን። ልጄ ግን አሻንጉሊቷ የእሷ በመሆኗ ሦስተኛ ሆና ገባች፤ ወዲያውም ከሦስቱ ጎበዟ እሷ ሆነች።

መጀመሪያ የተጣላነው መርፌውን ስነቅል ነው። እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ምን ማድረግሽ ነው? ዋናውን ጣልሽው እኮ!»

«መርፌው ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ለመቅዳት ብቻ ነው፣ እማ። ልጅቷ ጋ አይደርስም።»

«ሳይወጋ የሚያድን? እሺ፣ በየት ነው የምትሰጪው?»

በየት እንደሆነ አሳየኋት። አሻንጉሊቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «ሰማሽ? ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ወለሉን ልጥገንልሽ ትለኛለች። መንግሥት ሁለት ወር እህል እያበላ የሚያስተምራቸው ይህን ነው።»

ጎረቤታችን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና ያ ልናገር ያልፈለግሁት ነገር አመለጠኝ። ስለ አንጎል በረኛ፣ ቅባት ስለሚወደው መድኃኒት ነገርኳት። እናቴ ተነስታ ወደ ደጅ ወጣችና መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «የአንጎል በር የሚከፈተው በቅቤ ነው! ነርሷ ናት ያለችው፣ እኔ አይደለሁም!» አለች። «ቅቤ አላልኩም፣ እማ!» ብዬ ተከትያት ወጣሁ። ማን ሊሰማኝ! በማግስቱ ያመጣችው ቅቤ ሁሉ ከረፋዱ በፊት አለቀ። በሰፈሩ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ደግሞ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ሊመክሩ ተሰብስበው እሷ ስለ አንጎል በር አስተማረቻቸው ብለው ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን በፍቅር ያዘችው። ብልቃጡን በጨርቅ ይዞ መስበር፣ ሲሪንጁ ላይ እስካደረግሁት ምልክት ድረስ መቅዳት፣ መርፌውን መንቀል፣ ጫፉን ማለስለስ፣ ቀስ ብሎ አስገብቶ መግፋት። «ከዚያ መድኃኒቱ ተመልሶ እንዳይወጣ ቂጧን አንድ ላይ ገጥማችሁ ትይዛላችሁ፤ ሳትለቁ» አልኳቸው። እናቴ አሻንጉሊቷን በሁለት ጣት ብቻ ስትይዝ ልጄ ተቆጣች። «እማማ! በደንብ ያዢላት እንጂ! ታማለች እኮ!»

በመጨረሻ ሲሪንጁን አስቀመጥኩና ልጄን በጀርባዋ አስተኛኋት። ዛሬ ደህና ነች፣ ትስቃለች፣ ምንም የላትም። «ነይ እማ፣ በጎኗ እንዴት እንደምታስተኚያት በእሷ ላይ አሳዪኝ» አልኩ። እናቴ ተነሳች፤ ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። ተከትያት ሄድኩና ማለት የሌለብኝን አልኩ። «ትፈሪያታለሽ። የገዛ ልጅሽን ልጅ ትፈሪያታለሽ።»

«አልፈራትም» አለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

መድኃኒቱን በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አድርጌ ከቅቤው ዘንቢል እንዳይለይ አስጠንቅቄ ወደ ቡታጅራ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። እናቴን ማስቀየሜ ቆጨኝ። እምነት ስላጣሁባት ደግሞ ይብስ ቆጨኝ። በልቤ ትምህርቱ ይቅር፣ ልጄ ለአንድ ዓመት ቤት ትዋል ብዬ ጨርሼ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የገበያ ቀን ነው፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን ናት። ከኋላዋ የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ወድቃለች። ትኩሳት ነበራት። አላቆመችም፣ አሁንም አላቆመችም። ክብሪቱን ጨረስኩት፣ ምንም አላለም!»

«እማ የት ነች?»

«እዚሁ ነች፣ ሣጥኑን ከፍታለች። ሰው ሁሉ ሸሽቷል። እኔና እሷ ብቻ ነን።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዢላት!»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። አስተማሪው ተከትሎኝ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እንዲያ ቀጭን ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

«ብልቃጡን ሰበርሽ?»

«በሻሼ ይዤ ሰብሬዋለሁ።»

«ቀዳሽ? እስከ ምልክቱ?»

«እስከ ምልክቱ።»

«መርፌውን ነቀልሽ?»

መልስ የለም።

«እማ! መርፌውን!»

«ነቀልኩት። ቅር እያለኝ ነቀልኩት።»

«ቫዝሊን ቀቢው።»

«ቫዝሊን ከየት ይመጣል? ቅቤ ቀብቼዋለሁ።»

አስተማሪው ከስልኬ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ ኖሮ በጭንቅ መካከል ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅሁም። «በጎኗ አድርጊያት። ቢስሚላህ በይና ቀስ ብለሽ አስገቢው። ግፊው፣ እስከ መጨረሻው። አውጪው። አሁን ቂጧን ገጥመሽ ያዢ። እንዳትለቂ። እማ፣ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች፣ ያቺ ድምጿ የማይናደድ ሴት። እንደገና። እንደገና። አስተማሪው ቦርሳዬን ከክፍል አምጥቶ ሰጠኝና እስከ መናኸሪያው በባጃጅ ወሰደኝ። ተራ አስከባሪው ገና ስድስት ሰው ይቀራል አለ፤ እኔ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ብቻ መኪናው በስድስት ባዶ ቦታ ወጣ። ዝናብ ያራሰው መንገድ ላይ ሹፌሩ በየመታጠፊያው ሰው ለመጫን ሲቆም ተሳደብኩ፤ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ሁለት ጊዜ «ሶብር አድርጊ ልጄ» ብለውኛል። ጉብሬ ስንደርስ ስልኬ ነቃ። ጎረቤታችን ናት።

«ቆሟል። ተኝታለች። ትንፋሿ ደህና ነው፤ የናንተው ጤና ጣቢያ አምጥተናታል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ጮክ ብዬ አለቀስሁ። አዛውንቱ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ሹፌሩም አለ፤ የተሳደብኩበት ሰው መሆኑን ረስቶ።

ጤና ጣቢያ ስገባ ልጄ ነቅታ ሙዝ ትበላለች። የሥራ ባልደረባዬ «እናትሽ እንጀራችንን ሊወስዱብን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካርድ የሚጠብቁ ሴቶች ከበዋት፣ ባዶውን ሲሪንጅ ይዛ ታስተምራለች። «ሰባት ጊዜ ፋቲሓ እንደቀራሁ ተወት አደረጋት» ትላለች። ጎረቤታችን ከአጠገቧ ሆና «እኔም እኮ በኢየሱስ ስም እያልኩ ነበር» ትላለች። «እሺ፣ በሁለታችን ነው» አለች እናቴ፤ እንዲህ ያለ ልግስና ከእሷ ብርቅ ነው። ከዚያ ጎረቤታችን ክብሪቱ ያልሠራው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል የሚያደርስ መንገድ መኖሩ እውነት ነው፣ ጭሱ ግን መድኃኒት አይደለም፣ ሳንባዋን ይጎዳታል አልኳት። «መንገዱን ካወቅነው ግማሹን ሠርተናል ማለት ነው» አለች።

እናቴን ጓሮ ላይ «ትፈሪያታለሽ» ያልኳትን አፍሬ አልጠቀስኩትም። እሷም አልጠቀሰችውም።

መስከረም ገባ። የምዝገባው ቀን ከእናቴና ከልጄ ጋር ሦስታችንም ሄድን። እናቴ የአረፋ ቀሚሷን ለብሳለች። ቢሮው ውስጥ ዳይሬክተሩና ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ። የገበያውን ወሬ ሰምተዋል፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ዳይሬክተሩ ለእናቴ ተነስቶ ወንበር ሰጣት። «እማማ፣ በእርስዎ ላይ ጥርጥር የለኝም» አላት። «አንድ ነገር ግን ወላጆች ይጠይቁኛል። በወደቀችበት ሰዓት ወደ ልጆቻችን አይጋባም ወይ ይሉኛል። ነርሷ አይጋባም ብላኛለች፤ ግን እሷ እናቷ ነች። ምን ልበላቸው?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«እሷ ተምራ ነው የምትነግርህ፣ የኔ ልጅ። እኔ አልተማርኩም» አለች። «ይህች ልጅ ትወድቃለች። ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ፤ ዛሬ ስማው፣ ትወድቃለች። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ሰው ሲወድቅ እናቴ ትንፋሽሽን ያዢ ብላ ጎትታኝ ሸሽታለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። ያን ቀን ገበያው ውስጥ የተንበረከክሁት ትንፋሼን ይዤ ነው። ልጄ በስልክ ስታናግረኝ ፊቴን ወደ ስልኩ አዙሬ እመልስላታለሁ፣ በዚያው ትንሽ እስባለሁ፣ መልሼ እይዛለሁ። ኋላ ስልኩ ጠፋ። ፊቴን የማዞርበት አጣሁ። ሁለት እጄ እሷ ላይ ነው፣ እንዳትለቂ ተብያለሁ። አቃተኝ። ወይ ለቅቄያት መሸሽ ነው፣ ወይ መተንፈስ ነው።»

አስተማሪዎቹ አንገታቸውን አቀርቅረው ያዳምጣሉ።

«ከመጣብኝም ከእሷ ይምጣብኝ አልኩ። ፊቴን እሷው ላይ አድርጌ በደንብ ተነፈስሁ። ይኸው ስንት ገበያ ዋልኩ። አልወደቅሁም። ለወላጆቹ ይህን በላቸው። ካላመኑ ቅቤ ተራ ይምጡና እኔን ይዩኝ።»

ይህን ከዚያ ቀን በፊት ለእኔ አልነገረችኝም ነበር። ቡታጅራ ኮሪደር ላይ ቆሜ ይዘሻል ወይ እያልኩ ስጮህባት ምን እንደያዘች አላወቅሁም።

ዳይሬክተሩ መዝገቡን ገለጠ፣ ብዕሩን አነሳና የልጅቷን ስም ጠየቀ። እናቴ ነገረችው።